ከኮብልስቶን ቀጥሎ ያለው አጀንዳ

ሰኞ ጠዋት በማዘጋጃ ቤት በረንዳ ላይ ቢቆሙ የከተማው ኑሮ በፊትዎ ያልፋል። ካርታ የጠፋበት፣ ጎረቤቱ አጥር የገፋበት፣ የግንባታ ፈቃድ የሚያሳድስ፣ የመንገድ መብራት ከጠፋበት ሰፈር ተወክሎ የመጣ፣ የቆሻሻ አንሺ ማኅበር ሰብሳቢ ሒሳቧን ይዛ፤ ሁሉም ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ተራውን ይጠብቃል። አንድ አነስተኛ ከተማ ውስጥ እንዲህ ካለው ሰልፍ መካከል ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ማመልከቻዎ ተመርቷል እኮ፣ እማማ።»

«ወዴት ተመራ፣ ልጄ?»

«ወደ አካባቢ ጥበቃ።»

«እዚያማ ሄጄ ነበር። ወደ ጤና ተመርቷል አሉኝ። ጤናዎቹ ደግሞ የኢንቨስትመንት ጉዳይ ነው አሉ።»

ጉዳያቸው የአጥር አልነበረም፤ የወንዝ ነው። ከማሳቸው በላይ ያለ የምግብ ማቀነባበሪያ የሚለቀው ውሃ ወንዙን አጥቁሮታል፤ ከብቶቹ አፋቸውን ነክረው ይመለሳሉ፤ ማታ ማታ ሽታው ቤት ያስለቅቃል። የማመልከቻው ግልባጭ በአራት ቢሮ ማህተም አጊጧል። አንዱም ቢሮ ግን ጉዳዩን የእኔ ብሎ አልያዘውም።

የዚያች ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይም ተቀምጫለሁ። ያለፈው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ተነቦ ጸደቀ። የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም ሪፖርት ቀረበ። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ፤ የትኛው ቀበሌ ይቅደም፣ ነዋሪው ስንት ያዋጣ፣ ዲቹ ከመንገዱ በፊት ይሠራ ወይስ በኋላ። ከገበያው ጀርባ ስላለው የቆሻሻ ክምር ተነሣ፤ የቄራው ጣሪያ ዝናብ ያስገባል ተባለ፤ የበጀት ዝውውር ጸደቀ። ጥሩ ስብሰባ ነበር፤ አባላቱ ሰፈራቸውን ያውቃሉ፣ ስለ ሰፈራቸውም ይከራከራሉ። ወንዙ የተነሣው በሪፖርቱ ውስጥ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የአካባቢ ብክለትን በተመለከተ ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ተሠርቷል።» ማንም አልጠየቀባትም። እኔ ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር መላቀቅ አልቻልኩም። ኮብልስቶኑ ሜትርና ብር፣ ኃላፊና የመጨረሻ ቀን ነበረው፤ ወንዙ አንዱም አልነበረውም።

ምግብ በጣሳ የሚያሽግ ፋብሪካ ከምንም በላይ የሚፈልገው ውሃ ነው። ቲማቲም ከእርሻ እንደመጣ በውሃ ቦይ እየተንሳፈፈ ይታጠባል። ልጣጩ እንዲለቅ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ወይም በእንፋሎት ውስጥ ያልፋል፤ እንደገና ይታጠባል። ሥጋ ሲሆን ደሙ፣ ስቡና የሆድ ዕቃው አለ። ጣሳው ከታሸገ በኋላ እንደ ሥጋና ባቄላ ያለው ምግብ በግፊት ድስት ውስጥ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበስላል፤ ወዲያው በውሃ ይቀዘቅዛል። ማታ ወለሉ፣ ማሽኑና ጠረጴዛው በሙሉ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ውሃ ስኳር፣ ቃጫ፣ ስብና ደም ይዞ ወደ አንድ ቦይ ይገባል።

የፋብሪካው ሰዎች «ምግብ እንጂ መርዝ አንለቅም» ሲሉ አይዋሹም። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ለእኛ ምግብ የሆነው ለወንዙ ባክቴሪያም ምግብ ነው። ባክቴሪያው ሲመገብ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሚሞቅ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እንደ ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ወደ 7 ሚሊግራም ይወርዳል። መነሻው ትንሽ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ አየር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ተራቸውን ይይዛሉ፤ ጥቁሩ ቀለምና የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከዚያ ይመጣል። እማማ በማመልከቻቸው የጻፉት ይህንኑ ነው፣ በሌላ ቃል።

የዚህ መለኪያ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቀላል ሙከራ ነው። ባለሙያዎች ቢኦዲ ይሉታል፤ ባክቴሪያ ቆሻሻውን ለመብላት የሚፈጀው ኦክስጅን ማለት ነው። 300 ሚሊሊትር የምትይዝ የመስታወት ጠርሙስ አለች፤ ክዳኗም መስታወት ነው፤ ሲከደን አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር አፏ ድረስ ትሞላለች። ናሙናው በንጹሕ ውሃ ቀጥኖ ይገባል፤ ኦክስጅኑ ይለካል፤ ጠርሙሷ 20 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ሣጥን ውስጥ አምስት ቀን ትቀመጣለች። ጨለማ የሚያስፈልገው አልጌ በብርሃን ኦክስጅን ሠርቶ ቁጥሩን እንዳያሳስት ነው። በአምስተኛው ቀን እንደገና ይለካል፤ የጎደለው ተሰልቶ መልሱ ይገኛል። ሣጥኑ፣ ጠርሙሶቹና አንድ የሠለጠነ ሰው ካሉ በዞን ከተማም ይሠራል። የጤፍ ወፍጮ ያህል እንኳ የተወሳሰበ አይደለም።

የቤት ፍሳሽ ቢኦዲ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ነው። የምግብ ፋብሪካ ፍሳሽ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ያልተቀላቀለ የእንስሳት ደም ብቻውን ከ150 ሺህ ያልፋል። ስለዚህ ደሙን ከውሃው ጋር ሳይቀላቅል በበርሜል የሚሰበስብ ቄራ ማጣሪያ ከመገንባቱ በፊት ግማሹን ሥራ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ ላስላ። በቀን 300 ሜትር ኩብ ውሃ የሚለቅ፣ ቢኦዲውም በሊትር 2,000 ሚሊግራም የሆነ መካከለኛ ፋብሪካ እንውሰድ። በቀን 600 ኪሎ ይሆናል። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ በተለመደው የመሐንዲሶች ስሌት 60 ግራም ነው። ይህ ፋብሪካ ለወንዙ የ10 ሺህ ሰው ከተማ ነው ማለት ነው። ቀበሌ አልተቋቋመለትም፤ በምክር ቤቱም ወንበር የለውም፤ ግን በየቀኑ ወደ ወንዙ ይፈስሳል።

እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የተሰበሰቡባትን ኮምቦልቻን የማነሣው ለዚህ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ሜዳው ላይ ተዘርግታ ያገኛታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ነዋሪ ወደ 59 ሺህ ገደማ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረትና የሥጋ ማቀነባበሪያ በዚያች ከተማ ዙሪያ ተሰብስበዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በሁለት ትንንሽ ገባሮች ወደ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና በከሚሴ በኩል ወርዶ የጨፋን ረግረግ ሜዳ ያጠጣል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፋ በበጋ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡበት ሣር ነው። ከኮምቦልቻ ምክር ቤት አዳራሽ የሚወጣ ውሳኔ ወይም የሚቀር ውሳኔ በዚያ ሣር ላይ ይታያል፤ የጨፋ አርብቶ አደር ግን በኮምቦልቻ ምክር ቤት የመረጠው ሰው የለም።

ይህን ከግምት ባለፈ የሚናገር ጥናት አለ። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ከእነዚህ ፋብሪካዎች መውጫና ከገባሮቹ ናሙና የወሰዱ ተመራማሪዎች ከቆዳው ክሮሚየም፣ ከብረቱ ዚንክ በከፍተኛ መጠን አግኝተዋል። ብረታ ብረቱ የሥጋና የአትክልት ማቀነባበሪያ ጉዳይ አይደለም፤ ያ ሌላ ሕክምና የሚፈልግ ሌላ በሽታ ነው፤ ባክቴሪያ ክሮሚየምን በልቶ አይጨርሰውም። የምግቡ ፍሳሽ ግን ሊታከም ይችላል፤ ተፈጥሮ ራሷ ታክመዋለች፣ ጊዜና ቦታ ከተሰጣት። ምክር ቤት ሥራውን ከየት ልጀምር ካለ ከሚድነው መጀመር ይችላል።

ችግሩ የመለኪያ አለመኖር ነው። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ይጠቀማሉ። የከተማው የውሃ አገልግሎት የሚያነበው ቆጣሪ በእነሱ ግቢ የለም። ስንት ውሃ እንደገባ የማይታወቅ ከሆነ ስንት እንደወጣ ማን ያውቃል? የእኔ ቢጤ ነዋሪ በወር የፈጀሁት ውሃ በሜትር ኩብ ተቆጥሮ፣ ቢል ተቆርጦልኝ፣ ካልከፈልኩ ይቆረጥብኛል። የአሥር ሺህ ሰው ያህል የሚለቅ ግቢ ግን መውጫው ላይ አንድ የብረት ሳህን እንኳ የለውም። ቦዩ ላይ ቪ ቅርጽ ያለው ቁራጭ የተቆረጠበት ሳህን ተገጥሞ፣ ውሃው በቁራጩ ውስጥ የሚወጣበት ከፍታ በማስመሪያ ሲነበብ የፍሰቱ መጠን ይታወቃል። የብየዳ ቤት ሥራ ነው።

ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ ያለባቸው የአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ምክር ቤቶች ያልተለካ ፍሳሽ የሚያደርሰውን በውድ ዋጋ ተምረዋል። የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ገንዳው ውስጥ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው፤ በየቀኑ ተመጣጣኝ ምግብና በቂ አየር ይሻሉ። ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ በመከር ወቅት ድንገት ሲያፈስባቸው ይታፈናሉ። በትልቅ ከተማም ደርሷል፦ በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜና የሳንታ ክላራ ማጣሪያ በ1979 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ፣ የጣሳ ፋብሪካዎቹ ወቅት ሞቅ ባለበት ጊዜ፣ ባክቴሪያዊ ሥራው ተሰናክሎ በበቂ ያልተጣራ ፍሳሽ ለሳምንታት በአካባቢው ወዳለው የባሕር ሰላጤ ወረደ። የእኛም ቄራዎች የራሳቸው ወቅት አላቸው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ሥራው ይቀዘቅዛል፤ በፋሲካ ዋዜማና በአረፋ ሰሞን ይጎርፋል። ለእኛ የሚሠራ መሐንዲስ የጾሙንና የበዓሉን አቆጣጠር በሥዕሉ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ሌላም የተማሩት አለ። የአትክልትና ፍራፍሬ ፍሳሽ ስኳር ይበዛበታል፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ግን ያንሰዋል፤ ባክቴሪያው በእንጀራ ብቻ ያለ ወጥ እንደሚኖር ሰው ይደክማል። የቤት ፍሳሽ ደግሞ ናይትሮጅን ይተርፈዋል። ሁለቱ በልክ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ከተማውና ፋብሪካው አንድ ማጣሪያ ቢጋሩ የሚያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ አብዛኞቹ ከተሞቻችን ግን የፍሳሽ መስመር የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ መንገድ ለጊዜው ለብዙዎቹ ዝግ ነው።

ክፍት የሆነው መንገድ መሬት ነው። በኒው ጀርሲ ሲብሩክ የሚባል ትልቅ የአትክልት ማቀነባበሪያ ነበረ። በ1950 እ.ኤ.አ. አካባቢ ፍሳሹን በእርሻ ማሳ ላይ ሊረጭ ሞከረ፤ አፈሩ ቶሎ ተደፈነ፣ ማሳው ጭቃ ሆነ። እዚያው ይሠራ የነበረው የአየር ንብረት ሊቅ ዋረን ቶርንትዌት ወደ አጠገቡ ጫካ እንዲረጭ መከረ። ቅጠልና ሥር የሸፈነው የጫካ አፈር በቀን በሚሊዮን ጋሎን የሚቆጠር ውሃ መጠጣት ቻለ። ጫካው ግን ያለ ዋጋ አልዋጠውም፤ ከዓመታት በኋላ የነበሩት ዛፎች እየሳሱ ረግረግ የሚወዱ ዕፅዋት ተተኩ።

በቴክሳስ ፓሪስ ከተማ ደግሞ የካምቤል የሾርባ ፋብሪካ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መሬቱ ውሃ የማያስገባ ሸክላ ነበር። እዚያ የተመረጠው ሌላ ዘዴ ነው፦ ተዳፋቱ ተስተካክሎ ሣር ተዘራበት፤ ፍሳሹ ከላይ ተረጭቶ በሣሩ መካከል እንደ ቀጭን አንሶላ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በሣሩ ግንድና በአፈሩ ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ እግረ መንገዱን ያጸዳዋል፤ ከታች ያለው ቦይ የጠራውን ይቀበላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተደረገው ጥናት ቢኦዲው ከሞላ ጎደል በሙሉ መወገዱን አሳይቷል። ሣሩም እየታጨደ ለከብት መኖ ሆነ። የእኛን የጥቁር አፈር ተዳፋትና የመኖ እጥረት ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ቆዳና ብረት ያልተቀላቀለበት የምግብ ፍሳሽ ከሆነ፣ በጨውና በኮስቲክ ሶዳው ላይ ቁጥጥር ከተደረገ፣ ሰፊ መሬትም ካለ የሚሠራ ነው። እነዚህ «ከሆነ»ዎች ቀላል አይደሉም፤ በተለይ የሶዳው፤ ሶዲየም ሲበዛ ሸክላ አፈር ይጠብቃል፣ ማሳውም ይሞታል።

በአገራችን የሕግ እጥረት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝና ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ፋብሪካ ግቢ መግባትና ናሙና መውሰድ ይችላል። ብክለት ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ፣ ባለሥልጣኑ ሲያረጋግጥ፣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ነው። የ2001 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ፤ ጊዜው ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

በአዋጁ ውስጥ እጅግ የሚያሳስበኝ የቅጣቱ መጠን ነው። ለድርጅት በአጠቃላይ የተቀመጠው ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ብር ነው። በ1995 ዓ.ም. ራሱ ብዙ አልነበረም፤ ዛሬ የአንድ ፓምፕ ጥገና አይሸፍንም። ቅጣትን ብቻ የሚጠብቅ ከተማ ፋብሪካው ከፍሎ እንዲቀጥል ፈቀደ ማለት ነው።

ምክር ቤት ግን ሌላ መሣሪያ አለው፤ ታሪፍ። ከተሞቻችን ሁለት ኪስ አላቸው፦ እንደ ትምህርትና ጤና ያለው በክልል በጀት ሲሠራ፣ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት የሚሠራው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው። ምክር ቤቱ ለገበያ ቦታ፣ ለእርድ፣ ለቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ያጸድቃል። የፍሳሽ ክፍያም በዚያው መንገድ፣ በክልሉ ሕግ ማዕቀፍ፣ ሊጸድቅ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ክፍያው በመጠን ብቻ ሳይሆን በብርታት ይሁን፤ ከቤት ፍሳሽ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ኪሎ ቢኦዲ ተጨማሪ ይከፈል። ያኔ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደሙን በበርሜል መሰብሰብ፣ ልጣጩን በወንፊት ማስቀረት ትርፍ ሆኖ ይታየዋል። የአሜሪካ ከተሞች ወርኃዊ ቢል ላይ የሚያስቀምጡት ይህንኑ ነው፤ ምክር ቤቶቻቸውም ከመንገድ ጥገናና ከውሻ ፈቃድ ጋር በአንድ ምሽት ያጸድቁታል።

ይህን ሳነሣ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ፋብሪካው ይዘጋል፣ ልጆቻችን ሥራ ያጣሉ።» ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ፋብሪካዎቿ ሲዘረፉና ሲቆሙ ምን እንደሚመስል አይታዋለች፤ ደመወዝ ለሌለው ቤት ስለ ኦክስጅን ማውራት ከባድ ነው። ነገር ግን በወንዙ ዳር ሽንኩርትና ጎመን የሚያለማው፣ ላም የሚያረባው፣ ጨፋ ላይ ከብት የሚያሰማራውም ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። የእሱ ሥራ የደመወዝ መዝገብ ስለሌለው ብቻ ሲጠፋ የሚቆጥረው የለም። ምክር ቤቱ ሁለቱንም ሥራዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መከራከር አለበት፤ ለመከራከር ደግሞ ቁጥር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት የምጠይቀው ትንሽ ነው። በፋብሪካው መውጫ ላይ የመለኪያ ሳህን ይገጠም። በወር አንድ ጊዜ ናሙና ይወሰድ፤ ሣጥን ያለው ቅርብ ዩኒቨርሲቲ ይመርምረው። ቁጥሩ በማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የሊዝ ጨረታው በሚለጠፍበት ቦታ፣ ይለጠፍ። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ ያንብበው፤ ያለፈው ወር ስንት ነበር፣ የዚህ ወር ስንት ሆነ፣ ለምን ጨመረ፣ ማን ምን ያደርጋል፣ እስከ መቼ። በቃለ ጉባኤ ይስፈር። አንድ ጊዜ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ቁጥር በሚቀጥለው ስብሰባ መነሣቱ አይቀርም፤ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አንድ አባል እጁን ያወጣል።

እማማንም በረንዳው ላይ ጠብቄ ማመልከቻቸውን አየሁት። ለማዘጋጃ ቤቱ የተጻፈ ነው። አዋጁ ግን ሌላ በር ከፍቶላቸዋል፦ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በእኔ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አቤቱታው በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ሠላሳውን ቀን እንዲቆጥሩ፣ ማህተም ያለበትን ግልባጭም ከእጃቸው እንዳይለቁ ነገርኳቸው። ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሰው ወረቀት ለመኑ።